እምቢ ያለ እጅ

ጤነኛ ነህ ሲባል የሚናደድ ሰው አለ ቢሏችሁ ላታምኑ ትችላላችሁ። መስታወት ቆራጩ ግን ያን ቀን ከነርቭ ሐኪሙ ክፍል የወጣው ፊቱን አጥቁሮ፣ በሩንም ከሚገባው በላይ ጠበቅ አድርጎ ዘግቶ ነበር። ሐኪሙ ቀኝ እጁን አገላብጦ አይቶ፣ ጣቶቹን ሳብ ሳብ፣ ክርኑን መታ መታ አድርጎ፣ በማሽንም አስመርምሮ ሲያበቃ፣ «አባቴ፣ እጅዎ ከእኔ እጅ ይሻላል፤ ምንም አልሆነም» ብሎ አሰናበተው። እሱ ደግሞ የፈለገው በሽታ ነበር። ስም ያለው፣ ክኒን የሚታዘዝለት፣ ለሰው ሲነግሩት የማያሳፍር በሽታ።

ይህ ሰው በሰፈሩ «አይሰበሬ» እየተባለ ነው የሚጠራው። በእጁ የገባ መስታወት ከተፈለገው መስመር ወጥቶ ተሰብሮ አያውቅም ለማለት ጓደኞቹ ያወጡለት ቅጽል ነው። መስታወት መቁረጥ ለማያውቀው ሰው ቀላል ሥራ ይመስላል። መስታወቱ ምንጣፍ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል፣ ማስመሪያ ይደገፍበታል፣ የመቁረጫው ጫፍ ነጭ ጋዝ ነከር ይደረግና ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ብቻ ይጫራል። ከዚያ ጫን ሲሉት በጭረቱ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ጣጣው ያለው «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚለው ላይ ነው። እጅ መሐል ላይ ከቆመ መስታወቱ በራሱ ፈቃድ ወደፈለገው ይሄዳል። አይሰበሬን የያዘው አባዜም ይኸው ነበር። እጁ መሐል ላይ ሲደርስ ይቆማል። አይንቀጠቀጥም፣ አያመውም፤ ዝም ብሎ ቀጥ ይላል።

የጀመረው ከአደጋው ወዲህ ነው። ከልጁ ጋር ለአንድ ሱቅ ፊት የሚሆን ትልቅ መስታወት ቆርጠው ሲያነሱ፣ በልጁ በኩል ተሰነጠቀና ክንዱን ተረተረው። ልጁ ተሰፋ፣ ዳነ፣ ይኸው ዛሬ ከአባቱ አብልጦ ይሸከማል። አባትየው ግን ከዚያ ወዲያ አንድ ትልቅ መስታወት በወጉ አልቆረጠም። ደንበኛው መሸሽ ሲጀምር ልጁ አቀርቅሮ፣ «አባዬ፣ ጠረጴዛውን ለጎረቤታችን ለአናጺው እንስጠውና እኛ የተቆረጠ እያመጣን እንግጠም» አለው። አይሰበሬ እሺም እምቢም አላለም። ዕድሜ ልኩን የቆመበትን ጠረጴዛ ሌላ ሰው ሳንቃ ሲልግበት ማየት ግን ከሞት እኩል ነበር የሆነበት።

እንግዲህ በዚህ ሐሳብ ተውጦ በሆስፒታሉ ኮሪደር ሲሄድ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ወጣት ሴት መንገዱን ዘግታ ቆመች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ትኩር ብሎ አያት። የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ነበረች፤ በልጅነቷ በኳሷ የሰፈሩን መስኮት እያረገፈች ለእሱ ሥራ ስታመጣለት የኖረች። ተምራ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሆናለች ሲባል ሰምቶ ነበር እንጂ እዚህ መሥራቷን አያውቅም።

«አንቺ ነሽ? እኔ ደግሞ አሁንም መስኮት እየሰበርሽ መስሎኝ» አላት፤ ንዴቱ ትንሽ በረድ አለ።

«ትቻለሁ፤ እርስዎም ቆርጠው ማድረስ አልቻሉልኝም። ምነው፣ ምን አመጣዎት?»

ኮሪደሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሐኪሙ ያልነገረውን ለእሷ ነገራት። ምናልባት ልጅ ሆና ስለሚያውቃት ይሆናል፣ ምናልባትም ወንበር ስባ አጠገቡ ስለተቀመጠች። እሷም ሳታቋርጠው ሰምታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ እጅዎ የሚቆመው ብቻዎን ሆነው ትንሹን ሲቆርጡም ነው፣ ወይስ ትልቁን፣ ሰው በወዲያኛው ጫፍ ሲይዝልዎ?»

አሰበ። ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። «ትንሹንስ አንዳንዴ እቆርጠዋለሁ። ትልቁ ነው። በተለይ ልጄ ከያዘልኝ አለቀ፣ ንቅንቅ አልልም።»

«እንግዲያውስ የምረዳዎት ይመስለኛል። ሂፕኖሲስ የሚባል ሕክምና አለ።»

አይሰበሬ ወንበሩን ወደኋላ ገፋ። ይህን ቃል የሚያውቀው ከድሮ አዳራሽ ትርኢት ነው። አንድ ባለ ካባ ሰውዬ አንድ የተከበረ የመሥሪያ ቤት ሹም መድረክ ላይ አውጥቶ እንደ ዶሮ ሲያስጮኸው በዓይኑ አይቷል።

«ልጄ፣ አክብሬሻለሁ፤ ግን በዚህ ዕድሜዬ ዶሮ አልሆንም።»

«እኔም ዶሮ አላረባም» አለች ሳቋን ይዛ። «ያ ትርኢት ነው። ሰውዬው መድረክ ላይ ሲወጣ እንዲሳቅበት ተስማምቶ ነው የወጣው። እኔ የምለው ሕክምናውን ነው።»

«ያው ነው። ሰውን አስተኝታችሁ ልቡን ትወስዱበታላችሁ። የማያወጣውን ያወጣል።»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ አይሰበሬ የሚፈራው ነገር ነበረው። ገና ሙሽራ ሳለ የአማቱን የቁም መስታወት የሰበረው እሱ ነው። ድመቷ ናት አለ። አማቱ አመነችው፣ ድመቷም ከቤት ተባረረች። የመስታወት ባለሙያ መስታወት ሰበረ ከሚባል ድመት ብትሰደድ ይሻላል ብሎ እስከ ዛሬ አፉን ዘግቶ ኖሯል።

«መጀመሪያ ነገር እንቅልፍ አይደለም» አለች ባለሙያዋ። «የሚናገሩትን ያውቃሉ፣ የምለውን ይሰማሉ፣ ካልተስማማዎት ተነሥተው ይሄዳሉ። ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጥሩ ሆነው ይቆርጡ በነበረ ጊዜ፣ መቁረጫውን ምን ያህል እንደሚጫኑት እያሰቡ ነበር?»

«ካሰብኩማ ይሰበራል።»

«ፍጥነቱንስ?»

«እሱንም አላስብም። እጄ ያውቀዋል።»

«እጅማ ሥጋና አጥንት ነው፤ ምን ያውቃል? የሚያውቀው ሌላ ነው። ከምናስብበት አእምሮ በታች፣ ሳናዝዘው የሚሠራ አለ። ውስጠ ህሊና እንለዋለን። መራመዱን፣ ቁልፍ መቆለፉን፣ የእርስዎንም መስታወት መቁረጥ እሱ ነው የያዘው። የሚማረው ደግሞ በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ በብዙ ድግግሞሽ፣ ወይ በአንድ ትልቅ ድንጋጤ።»

አይሰበሬ ቀኝ እጁን አየ።

«ያን ዕለት ውስጠ ህሊናዎ ደም ሲፈስ አይቶ አንድ ነገር ያዘ። ትልቅ መስታወት ከተቆረጠ ልጄ ይጎዳል አለ። ከዚያ ወዲህ ሥራውን እየሠራ ነው።»

«የምን ሥራ?»

«ልጅዎን መጠበቅ ነዋ። መቁረጡ ከቀረ መጎዳቱም ይቀራል ብሎ እጅዎን ይይዘዋል።»

ይህ ነገር ልቡ ድረስ ገባ፤ ለዚህም ነው ቶሎ ብሎ ሊከራከራት የተነሣው። ሰው አንዳንዴ ልክ የሆነውን ነገር ነው አጥብቆ የሚከራከረው።

«ልጄ እኮ ድኗል፤ እኔ አላውቅም እንዴ?»

«እርስዎ ያውቃሉ። ውስጠ ህሊናዎ ግን አልተነገረውም።»

«ራሴ ልንገረዋ ታዲያ፤ አንቺን ምን አስፈለገኝ?»

«አልሞከሩም?»

«ኧረ ስንቴ። እጄን እየሰደብኩት ጭምር።»

«በስድብ ማን ይሰማል ጋሼ? በስድብ ሲሆን ይብሱን ይደነግጣል። ሂፕኖሲስ ማለት ሰውነት ዘና ብሎ፣ ሐሳብ በአንድ ነገር ላይ ሲሰበሰብ የሚመጣ ጸጥታ ነው። ‹አይሆንም፣ ይሆናል› እያለ የሚከራከረው አእምሮ ትንሽ አረፍ ይላል። ያኔ የምንናገረው ቃልና በሐሳባችን የምንስለው ነገር ለውስጠ ህሊና ይሰማዋል። እኔ በሩን አሳይዎታለሁ እንጂ የሚገቡት እርስዎ ነዎት።»

«ለሁሉም ሰው ይሠራል?»

«አይሠራም። አንዱ ቶሎ ይገባለታል፣ ሌላው ጊዜ ይወስድበታል፣ ምንም የማይለውም አለ። ሁሉን በሽታ አድናለሁ የሚል ቢያጋጥምዎ ይሽሹት። መጀመሪያ ሐኪም እጅዎን ማየቱ ራሱ ደግ ነው፤ ነርቭ ቢሆን ኖሮ የእኔ ወሬ ምን ይረባዎታል?»

እውነት ለመናገር ይህች የመጨረሻዋ መልስ ናት የያዘችው። አጭበርባሪ ሁልጊዜ «ለሁሉም ይሠራል» ነው የሚለው። እሱ ራሱ ዕቃ ሻጮችን በዚህ ነበር የሚለያቸው። ሚስቴን ላማክር ብሎ ተለያት።

ሚስትየው ነገሩን ሰምታ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል፣ «ነገ እንሄዳለን» አለች።

«ቆይ እንጂ፤ አእምሮዬን ብትወስደውስ?»

«ምን ታደርግበታለች? እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ይዤው ምን አተረፍኩ?»

ተስማማ፤ ግን በቅድመ ሁኔታ። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። አፉ ተከፍቶ የማይሆን ነገር መናገር ከጀመረ ጎኑን ትቆነጥጠዋለች። እንደ ዶሮ ከጮኸም ይዛው ትወጣለች። ሚስቲቱ በቁም ነገር ተቀበለችው፤ ጥፍሯንም አልቆረጠችም።

የባለሙያዋ ክፍል ጠባብ ናት። ሁለት ምቹ ወንበር፣ አንድ ተራ ወንበር፣ ግራጫ መጋረጃ። አይሰበሬ እንደገባ መስኮቱን አየ፤ ጠርዙን የሚያጣብቀው ስቱኮ ተላጧል፣ መስታወቱም በሚስማር ብቻ ነው የተያዘው። ይህን የገጠመ ሰው ቢያገኘው የሚለው ነበረው። ባለሙያዋ በአንዱ ምቹ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ ሚስቱም ቁጥጥሩ እንዲመቻት ሌላውን ያዘች።

«ግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ ይምረጡና ዓይንዎን እዚያ ላይ ያሳርፉ» አለች ባለሙያዋ ቀስ ባለ ድምፅ። «ትንፋሽዎን አያስጨንቁት። ሲወጣ ትከሻዎ አብሮት ይውረድ። የዓይንዎ ሽፋን ሲከብድ ይከደን፤ ካልፈለገም ይቆይ።»

አይሰበሬ በአንድ ዓይኑ ነጥቡን፣ በሌላው ባለሙያዋን ይጠብቃል። አውቶቡስ ተራ ሻንጣ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር አቀማመጡ። የባለሙያዋ ድምፅ ግን ሳይቸኩል ቀጠለ፤ ስለ ከበደ እግር፣ ስለ ላላ መንጋጋ፣ ብዙ ጊዜ ሳያርፍ ስለኖረ ጀርባ። ጥቂት ቆይቶ አይሰበሬ ከጎኑ ረጅም ትንፋሽ ሰማ። ዞር ሲል ዘበኛዋ ሄዳለች። ሚስቱ ዓይኗን ከድና፣ ሊቆነጥጡ የተዘጋጁት ጣቶቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተው፣ ፊቷ እንደ ልጃገረድ ፊት ተፍታቶ ተቀምጣለች።

ደነገጠ። ባለሙያዋም አይታለች፤ ግን እጇን ከፍ አድርጋ ‹ይተዋት› አለችው በምልክት። እሱ ደግሞ መተው ሲያውቅ አይደል? ወደ ሚስቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ የትርኢቱን ሰውዬ እያሰበ፣ «አንቺ፣ ከእኔ የደበቅሽው ነገር ካለ ንገሪኝ» አላት።

ሚስቲቱ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ምንም ሳትረበሽ፣ «አልነግርህም» አለችው።

«ምነው?»

«አልነግርህማ። አርፈህ ተቀመጥ፣ ደክሞኛል።»

ባለሙያዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። ከዚያ ግን ፊቷን ኮስተር አደረገች። «ጋሼ፣ ያረፈ ሰው ላይ እንዲህ አይደረግም፤ ሳትፈቅድልዎት ነው የጠየቋት። ቢሆንም መልሱን ሰምተዋል።» ከዚያም ሚስቲቱን ቀስ ብላ በቃል አነቃቻት።

«እንዴት ነበር እትዬ?»

«ኧረ ደስ ሲል» አለች ሚስቲቱ ዓይኗን እያሻሸች። «ሁሉን እሰማ ነበር። መኪናውም ሲያልፍ፣ ይሄም ሲያንሾካሹክ። ብቻ ለመነሣት ሐሳቡ አልመጣልኝም። ልጁ ከተጎዳ ወዲህ እንዲህ አርፌ አላውቅም።» ቀጥላም ባሏን በዓይኗ ገረፍ አደረገችው። «የድመቷን ነገር እንደሆነ ድሮ አውቃለሁ። ለእሱ ብለህ ነው የፈራኸው?»

አይሰበሬ የሚገባበት ጠፋው። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀው ምስጢር ከነጭራሹ ምስጢር አልነበረም። አፍሮ ሳቀ፤ ሲስቅም ከደረቱ ላይ አንድ ከባድ ነገር የወረደ መሰለው። የማይፈልገውን ማንም እንደማያስለፈልፈው በገዛ ሚስቱ አየ። የፈራው ነገር ደግሞ ቢወጣም ቤት እንደማያፈርስ አወቀ። ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተደገፈና፣ «በይ ቀጥዪ» አላት ባለሙያዋን። «አሁን ዘበኛም አልፈልግም።»

ያን ዕለት ዓይኑ ሲከደን ያጋጠመው ነገር ከጠበቀው የተለየ ነበር። የትም አልሄደም። በኮሪደሩ የሚያልፈውን የጫማ ኮቴ ይሰማል፣ ወንበሩም ከጀርባው እንዳለ ያውቃል። ብቻ ነገሩ ሁሉ ራቅ ብሎ፣ የባለሙያዋ ድምፅ ግን ቀርቦ ነበር።

«ጠረጴዛዎ አጠገብ ነዎት። የነጭ ጋዙ ሽታ ይመጣል። በወዲያኛው ጫፍ ልጅዎ ቆሟል። ክንዱን ይዩት፤ ጠባሳው ገጥሟል፣ ጣቶቹ ይሠራሉ። እጅዎ እሱን ለመጠበቅ ሲል ሲቆም ቆይቷል፤ ስለዚህም ያመስግኑት። አሁን ልጅዎ ደህና መሆኑን ይንገሩት። እጅዎ ሊሄድ ይችላል፤ እስከ ዳር ድረስ።»

ለእጁ ‹አመሰግናለሁ› ለማለት መጀመሪያ አፈረ። ሲለው ግን እንባው መጣ። አልከለከለውም።

በአንድ ቀን አልዳነም፤ እንዲህ ያለ ተረት የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ይፈልግ። ባለሙያዋ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ሳይከፈት እሱው ራሱ እየተቀመጠ ጸጥታውን እንዲለማመደው አስተማረችው። ከዚያ በቁርጥራጭ መስታወት፣ ቀጥሎ መካከለኛውን እንዲሞክር ነገረችው። መካከለኛው ላይ እጁ እንደገና ቆመ። በንዴት መቁረጫውን ሊወረውር ሲል፣ መሳደቡን ተወና እንደተማረው ተንፍሶ ተቀመጠ። በማግስቱ ሄዶ ነገራት።

«ታዲያ ምን አለ?» አለችው። «የለመደ ዘበኛ በአንዴ ቤቱን ለቅቆ ይሄዳል? እየተመላለሰ ያያል። ደጋግመን እንነግረዋለን።» ደጋግመው ነገሩት። መካከለኛውም ተቆረጠ።

የቀረው ትልቁ ነበር፤ ልጁ የሚይዝለት።

ልጁ ቃል የገባለት አናጺ ጠረጴዛውን ሊወስድ ጋሪ ይዞ የመጣ ዕለት፣ አንድ ለመስኮት የታዘዘ ሰፊ መስታወት ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። አይሰበሬ፣ «ከመውሰድህ በፊት አንድ ሥራ አለችኝ» አለው። ከዚያም ወደ ልጁ ዞሮ፣ «ና፣ ያዝልኝ» አለው። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። ቢሆንም ጓንቱን አጥልቆ መጣና የወዲያኛውን ጫፍ ያዘ።

አይሰበሬ ማስመሪያውን አስተካከለ፣ መቁረጫውን ነከረ። የልጁን ክንድ አየ። ጠባሳውን አየ፤ ደህና ነው አለ በልቡ፣ ለሚሰማው። እጁ ተነሣ። መሐል ላይ ሲደርስ እጁን ስታስቆመው የኖረችው ቅዝቃዜ ክርኑ ላይ መጣች፣ ትንሽ አመነታች፣ አለፈች። የመቁረጫው ድምፅ ሳይቆራረጥ እስከ ዳር ሄደ። ጫን ሲሉት መስታወቱ ቀጥ ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

መጀመሪያ የተናገረው አናጺው ነው።

«ሂፕ ምናምን ያልከው እውነትህን ነው እንዴ? እኔ ወሬ መስሎኝ ነበር።»

«እኔም ወሬ መስሎኝ ነበር» አለ አይሰበሬ፣ ላቡን እየጠረገ። «ስማ፣ አስማት አይደለም። ማንም ልብህን አይወስድም፤ ሚስቴን ጠይቃት። ውስጥህ ያለው የፈራውን ነገር በጸጥታ መስማትና በጸጥታ መመለስ ነው። እኔ እጄ ተመለሰ። እሷም እንቅልፏ ተመለሰ። ቁጣዬም ቀንሷል ይላሉ፤ እሱን እንኳ አላውቅም። ሚስትህ ሊፍት ውስጥ አልገባም ብላ ያን ሁሉ ደረጃ እየወጣች አይደለም እንዴ የምትሠራው? ውሰዳት። ሰው ሁሉ የፈራውን ነገር እንደ ጠባዩ ቆጥሮ ተሸክሞት ይኖራል። ተምረው የሚያውቁ ልጆች እያሉ ምን ያሸክመናል? ብቻ መጀመሪያ ሐኪም ይያት።»

አናጺው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ የሚስቱ ነገር ሲነሣ አስቦበት የማያውቀው ነገር የታየው መሰለ። ሆስፒታሉ የሚከፈትበትን ሰዓት ጠይቆ ባዶ ጋሪውን እየገፋ ሄደ።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። አይሰበሬ የተቆረጠውን መስታወት ጠርዝ በሞረድ እያለሰለሰ፣ ቀና ሳይል፣ «እጄ ይቆም የነበረው አንተን ብሎ ነው አሉ» አለው። «ዳግመኛ እንዳትጎዳብኝ ፈርቶ። እኔም ሲነገረኝ ነው ያወቅኩት።»

ልጁ ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።

«እኔ ደግሞ በእኔ ተናድደህ መስሎኝ ነበር አባዬ። ያን ዕለት አያያዜ ተበላሽቶ አንተን ከሥራ ያስወጣሁህ እኔ ነኝ ብዬ። ጠረጴዛውን እንስጥ ያልኩህ ባየኸው ቁጥር እኔን እንዳታስብ ብዬ ነው።»

አይሰበሬ ሞረዱን አስቀመጠ። ጠረጴዛውን ዞሮ ሄደና የልጁን ክንድ ይዞ፣ ጠባሳውን ከዳር እስከ ዳር በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «አንተ ምንም አላጠፋህም» አለው። ልጁ አለቀሰ፤ አባቱም አለቀሰ። ከዚያ መስታወቱን ሁለቱ ተሸክመው፣ ቀስ እያሉ፣ ደንበኛው ቤት ሊገጥሙት ወጡ።